የእግር ፈንገስ መድኃኒት አመራረጥ፦ ከክሬም እስከ ክኒን

ለእግር ፈንገስ መድኃኒት ሊገዛ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ሳጥኑ ያማረ ይሆናል፣ ወይም ወዳጁ «እኔን አድኖኛል» ብሎታል፣ ወይም ባለፈው ዓመት የገዛው ይህንኑ ነበር። ችግሩ፣ አምስት የተለያየ ስም ያላቸው ሳጥኖች በውስጣቸው አንድ ዓይነት መድኃኒት ሊይዙ መቻላቸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ ስማቸው በአንድ ቃል ብቻ የሚለያይ ሁለት ቱቦዎች አንዱ ፈንገሱን የሚገድል፣ ሌላው ደግሞ ፈንገሱን የሚደብቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እዚህ የንግድ ስም አላነሳም። የማወዳድረው በሳጥኑ ጎን በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ንጥረ ነገር ነው። ያንን ስም ማንበብ የለመደ ሰው የትም ቦታ ቢገዛ አይሳሳትም።

ከመምረጥ በፊት፦ በእርግጥ ፈንገስ ነው?

የእግር ፈንገስ የሚያመጡት ደርማቶፋይት የሚባሉ ፈንገሶች ናቸው። ምግባቸው ኬራቲን ነው፤ የቆዳችንን የላይኛውን ሽፋን፣ ጥፍራችንንና ጸጉራችንን የሚሠራው ፕሮቲን ማለት ነው። በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም የተባለው ዝርያ ነው። እነዚህ ፈንገሶች ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ፤ ቀኑን ሙሉ የተዘጋ ጫማ ደግሞ ሁለቱንም ያቀርብላቸዋል።

በሽታው አንድ መልክ ብቻ የለውም፤ የመድኃኒቱ ምርጫም የሚወሰነው በመልኩ ነው። በጣም የተለመደው በጣቶች መካከል የሚወጣው ነው፤ በተለይ በትንሿ ጣትና በቀጥታ ከጎኗ ባለችው መካከል። ቆዳው ይነጣል፣ ይርሳል፣ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ሁለተኛው ውስጥ እግርን፣ ተረከዝንና የእግርን ጠርዝ ዙሪያውን የሚያለብስ ደረቅ ዓይነት ነው። ቆዳው ይወፍራል፣ በእግር መስመሮች ውስጥ ነጭ ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ይታያል። ይህኛው ብዙም ስለማያሳክክ ሰው «እግሬ ደረቀ» እያለ ለዓመታት የማለስለሻ ቅባት ብቻ ይቀባዋል። ሦስተኛው በእግር ቅስት አካባቢ ድንገት ውሃ የሚቋጥርና ክፉኛ የሚያሳክክ ነው። አራተኛው ወደ ጥፍር ገብቶ ጥፍሩን ቢጫ፣ ወፍራምና ተሰባሪ የሚያደርገው ነው። በእርሱ ላይ ብቻውን እመለስበታለሁ፤ ሕጉ ሌላ ነውና።

ፈንገስ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ችግሮችም አሉ። ችፌ፣ ፕሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ፣ በጫማ ማጣበቂያ ወይም በቆዳ ማልፊያ ኬሚካል የሚመጣ አለርጂ ሁሉም ያሳክካሉ፣ ይላጣሉ። ኤሪትራዝማ የሚባል የባክቴሪያ በሽታ ደግሞ በጣቶች መካከል ከፈንገስ ጋር ፍጹም ይመሳሰላል፤ ሐኪም በልዩ መብራት ሲያየው ግን ደማቅ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ተረከዝና የእግር መዳፍ ላይ ብዙ ትናንሽ ጉድጓዶች ታይተው ኃይለኛ ሽታ ካለ፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው። አንድ ጠቃሚ ፍንጭ ልስጥ፦ ፈንገስ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይጀምራል፣ ወይም በአንዱ ይበረታል። አለርጂ ግን ጫማው የነካውን ቦታ በሁለቱም እግሮች ላይ አመሳስሎ ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም የእግርን የላይኛውን ጎን ይይዛል።

ጥርጣሬ ካለ ምርመራው ቀላል ነው። ከቆዳው ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይረጥብና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ውጤቱም በዚያው ቀን ይደርሳል። ፈንገሱን በላቦራቶሪ ማብቀል ግን ሳምንታት ይወስዳል።

አማራጮቹን የምመዝንባቸው ነገሮች

አንደኛው፣ ለየትኛው ዓይነት ይሠራል የሚለው ነው። ሁለተኛው ስንት ቀን መቀባት ይጠይቃል የሚለው ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ማሳከኩ የሚቆመው ፈንገሱ ከመሞቱ በፊት ነው፤ ሰው ደግሞ ማሳከኩ ሲቆም ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። የአራት ሳምንት መድኃኒት በሁለተኛው ሳምንት ከተቋረጠ፣ በወረቀት ላይ ያለው ጥሩ ውጤቱ ለእርስዎ እግር አይደርስም። ሦስተኛው መድኃኒቱ ፈንገሱን ይገድላል ወይስ እንዳይራባ ብቻ ያግደዋል የሚለው ነው። አራተኛው ጉዳቱ፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨቱም ጭምር። አምስተኛው ጠቅላላ ወጪው ነው፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ሒሳቡን ይስታል።

ስሕተቱ እንዲህ ነው። ሰው የሚያወዳድረው የአንዱን ቱቦ ዋጋ ነው። ማወዳደር ያለበት ግን እስኪድን ድረስ የሚጨርሳቸውን ቱቦዎች ሁሉ ነው። ሐኪሞች ክሬም የሚለኩት በጣት ጫፍ ነው፦ ከቱቦው አፍ ወጥቶ ከአዋቂ ሰው የጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ነው። የሁለቱን እግሮች የጣት መካከል ለመቀባት ይህ ይበቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ከሆነ 7 ግራም፣ ለ28 ቀን ከሆነ 28 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ሳምንቱ መድኃኒት ከአንድ ባለ 15 ግራም ቱቦ ይተርፋል፤ የአራት ሳምንቱ ግን ሁለት ቱቦ ሊጨርስ ይደርሳል። ሁለቱን ውስጥ እግር ሙሉ በሙሉ መቀባት ሲያስፈልግ ደግሞ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። በቱቦ ርካሽ የመሰለው በመጨረሻ ርካሽ ላይሆን ይችላል።

ተርቢናፊን፣ አንድ በመቶ

በጣቶች መካከል ላለ ፈንገስ አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ተርቢናፊን የፈንገሱ ሕዋስ ስስ ሽፋኑን (ሜምብሬኑን) የሚሠራበትን ንጥረ ነገር እንዳያመርት ያደርገዋል፤ በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ መርዛማ ነገር በውስጡ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ስለዚህ ደርማቶፋይትን አግዶ ብቻ አይተወውም፤ ይገድለዋል። ለጣቶች መካከል የተለመደው አጠቃቀም በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ሲሆን፣ ለውስጥ እግርና ለጠርዝ ሁለት ሳምንት ነው። መድኃኒቱ መቀባት ከቆመ በኋላም በላይኛው ቆዳ ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ሥራውን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ቅሬታ አለ፦ «ሳምንቱን ጨረስኩ፣ ግን እግሬ ገና ይላጣል።» ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። የተጎዳው ቆዳ ወድቆ አዲሱ እስኪተካ ድረስ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። መጨነቅ የሚገባው ከዚያ በኋላም ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ነው።

ደካማ ጎኑ፣ ካንዲዳ በተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ላይ በክሬም መልኩ እንደ ደርማቶፋይት አለመበርታቱ ነው። ተርቢናፊንን የተላመዱ ዝርያዎችም በዓለም ላይ መታየት ጀምረዋል፤ ለዚህም ነው ያለ አግባብ እየጀመሩ ማቋረጥ ጥሩ ያልሆነው። አንዴ ብቻ የሚቀባ፣ ደርቆ ስስ ሽፋን የሚሠራ የተርቢናፊን ፈሳሽም በአንዳንድ ቦታዎች ይሸጣል። በየቀኑ መቀባት ለሚረሳ ሰው ይመቻል፤ ሽፋኑ ሥራውን እንዲሠራ ግን ከተቀባ በኋላ እግሩ ለ24 ሰዓት ውሃ መንካት የለበትም።

ክሎትሪማዞል፣ ማይኮናዞልና ዘመዶቻቸው

በ«ዞል» የሚያልቁት መድኃኒቶች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ክሎትሪማዞል 1% እና ማይኮናዞል 2% በቀን ሁለት ጊዜ ለአራት ሳምንት ይቀባሉ፤ ኬቶኮናዞል 2% በቀን አንድ ጊዜ ሆኖ እስከ ስድስት ሳምንት ሊሄድ ይችላል። በክሬም መጠን በብዛት ፈንገሱን ከመራባት ያግዱታል፤ ቀሪውን ሥራ የሚሠራው የቆዳው መታደስ ነው። ጊዜው የረዘመውም ለዚህ ነው።

ትልቁ ጥቅማቸው ሰፊ መሆናቸው ነው፤ ደርማቶፋይትንም ካንዲዳንም ይነካሉ። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ በማይታወቅበት ጊዜ አያሳፍሩም። በየትኛውም ቦታ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ለብዙ ዓመታት የተፈተኑ ናቸው፣ ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴትም ክሎትሪማዞል በክሬም መልክ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት በ2007 የብዙ ሙከራዎችን ውጤት ሲያጠቃልል የተርቢናፊን ቤተሰብ ከእነዚህ በጥቂቱ ይበልጣል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር አይደለም። አራቱን ሳምንት ሳያቋርጥ የሚጨርስ ሰው በክሎትሪማዞል ብዙ ጊዜ ይድናል።

ቶልናፍቴትና አንዲሲሌኒክ አሲድ

በዱቄትና በስፕሬይ መልክ በብዛት የሚታዩት እነዚህ ናቸው። ቀለል ላለ የጣት መካከል ፈንገስ በአራት ሳምንት ይሠራሉ፤ ከሁለቱ ቀዳሚዎች ግን ይደክማሉ። ቶልናፍቴት በካንዲዳ ላይ ምንም አያደርግም። እኔ የማያቸው ከሕክምናው ይልቅ ለጥበቃው ነው፦ አንዴ የዳነ ሰው እንዳይመለስበት በየጠዋቱ ጫማውና ካልሲው ውስጥ የሚነሰንሰው ዱቄት።

የዊትፊልድ ቅባት

ዕድሜ ጠገብ ነው። 6% ቤንዞይክ አሲድና 3% ሳሊሲሊክ አሲድ በቅባት ውስጥ ተዋሕደው የተሠሩ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ዓመታት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ይዞት ነበር። ሳሊሲሊክ አሲዱ የወፈረውን ቆዳ ያልጣል፤ ቤንዞይክ አሲዱ ፈንገሱን ያግዳል። ለዚህም ለደረቀውና ለወፈረው ውስጥ እግር ይስማማል፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን ቅባታማ ነው፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ በተሰነጠቀና በረጠበ የጣት መካከል ላይ ሲቀባም ያቃጥላል። እዚያ ቦታ ላይ አይቀቡት።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅበት፦ ድብልቁ ክሬም

በደቃቁ ጽሑፍ ላይ ከክሎትሪማዞል ጎን «ቤታሜታዞን» ወይም «ክሎቤታሶል» የሚል ቃል ካዩ ቆም ይበሉ። እነዚህ ስቴሮይዶች ናቸው። ስቴሮይድ ማሳከክንና መቅላትን በአንድ ሌሊት ያረግባል፤ ስለዚህ ሰው ይወደዋል፣ ለሌላውም ይመክረዋል። ነገር ግን እብጠቱንና መቅላቱን የሚያመጣው ሰውነታችን ፈንገሱን ሲዋጋ ነው። ስቴሮይዱ ተዋጊውን ያስተኛዋል፤ ፈንገሱ በጸጥታ ይስፋፋል። ክሬሙ ሲቆም ማሳከኩ ከበፊቱ ብሶ ይመለሳል፤ ሰውየው እንደገና ይቀባል፤ ቆዳው ይሳሳል፣ የበሽታው መልክ ተለዋውጦ ሐኪም እንኳ ለመለየት ይቸገራል። በሕክምና «የተደበቀ ፈንገስ» የሚባል የራሱ ስም ያለው ነገር ነው። ስቴሮይድ ብቻ ያለበት ክሬም ከሆነማ ጉዳቱ የባሰ ነው።

ሦስት ነገር የተደባለቀበት ቱቦ ደግሞ ለብዙ ሰው የበለጠ ብርቱ ይመስለዋል፤ ፀረ ፈንገስ፣ ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ በአንድ ላይ። በሐኪም ታዞ፣ ለጥቂት ቀን፣ በጣም ለቆጣ እግር ሊጠቅም ይችላል። በራስ ፈቃድ ለእግር ፈንገስ መግዛቱን ግን አልመክርም። ኒስታቲንም በስም ያሳስታል። ፀረ ፈንገስ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን በካንዲዳ ላይ ነው፣ ደርማቶፋይትን አይነካውም።

የቤት መላዎች

የሻይ ዛፍ ዘይት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። 10% የሆነው ማሳከኩን ሲያስታግስ ፈንገሱን በማጥፋት ግን ከባዶ ክሬም አልበለጠም፤ 25 እና 50% የሆኑት የተሻለ ውጤት ሲያሳዩ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ የቆዳ ቁጣ አስከትለዋል። እግርን በውሃ በተበረዘ ኮምጣጤ መንከር ሽታን ሊቀንስ ይችላል፤ በሽታውን እንደሚያድን የሚያሳምን ማስረጃ ግን የለውም። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ማሰር ቆዳን እስኪልጥ ድረስ ያቃጥላል። በረኪና በፍጹም ቆዳ ላይ አይደረግም።

ክኒን መቼ?

ክኒን ለተራ የጣት መካከል ፈንገስ አይደለም። የሚያስፈልገው ውስጥ እግርን ሙሉ ይዞ በክሬም እምቢ ሲል፣ ጥፍር ሲገባ፣ ወይም በሽታው በተደጋጋሚ ሲመለስ ነው። ወፍራም ውስጥ እግር ክሬምን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ከውስጥ መምጣት ይሻላል።

ተርቢናፊን በክኒን 250 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ለቆዳ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረጋል፤ የጉበት በሽታ ያለበት ሰው አይወስደውም። ጥቂት ሰዎች ላይ የምግብ ጣዕም ያጠፋል፤ ከአንዳንድ የድብርትና የልብ መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። ኢትራኮናዞል ሌላው ነው፤ ልቡ ለደከመ ሰው አይሰጥም፣ ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል፣ ለምሳሌ ከኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲን ጋር። ፍሉኮናዞል በሳምንት አንድ ጊዜ በ150 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ለጥፍር ግን ወራትን ይጠይቃል። ግሪሲዮፉልቪን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነበረ ጥንታዊው ክኒን ነው፤ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይዋጣል፣ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ወንድም ቢሆን ከጨረሰ በኋላ ለስድስት ወር ልጅ ከመውለድ እንዲታቀብ ይመከራል።

የኬቶኮናዞል ክኒን ደግሞ ለእግር ፈንገስ ከጨዋታ ወጥቷል። በ2013 የአሜሪካና የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል አንዱ አጠቃቀሙን አጥብቦታል፣ ሌላው እንዲታገድ መክሯል። ክሬሙና ሻምፑው ግን ወደ ደም ስለማይዘልቁ ይህ አይመለከታቸውም። ቤት ውስጥ የቀረ አሮጌ ክኒን ካለ አይውጡት።

ጥፍር ሲሆን

የእግር ጥፍር በወር ከአንድ ተኩል ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ መድኃኒቱ ፈንገሱን ዛሬ ቢገድለው እንኳ ንጹሑ ጥፍር ከሥር በቅሎ አሮጌውን እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ይህን ሳያውቅ የጀመረ ሰው በሦስተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል።

ተራ ክሬም ጥፍር ውስጥ አይዘልቅም። እንደ ጥፍር ቀለም የሚቀቡት የተለዩ ናቸው፦ አሞሮልፊን 5% በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ሲክሎፒሮክስ 8% በየቀኑ፣ ኤፊናኮናዞል 10% በየቀኑ ለ48 ሳምንት። እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ በመድኃኒቶቹ ይፋዊ ሙከራዎች ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ጠርቶ የዳነላቸው በኤፊናኮናዞል ከ15 እስከ 18% ሲሆኑ፣ በተርቢናፊን ክኒን 38% ነበሩ። ፈንገሱ በላቦራቶሪ ሲታይ የጠፋላቸው ግን ከዚህ ይበዛሉ፤ በተርቢናፊን ክኒን 70% ደርሰዋል። የሚቀባው መድኃኒት የሚያዋጣው የጥፍሩ ጫፍ ብቻ ሲነካ፣ የተያዙት ጥፍሮች ጥቂት ሲሆኑ፣ ወይም ሰውየው ክኒን መውሰድ በማይችልበት ጊዜ ነው። ሥሩ ድረስ ከደረሰ ቀለሙ ብቻውን ገንዘብና ጊዜ ይበላል።

ከተበላሹ ጥፍሮች ግማሽ ያህሉ ብቻ ፈንገስ መሆናቸውንም አይርሱ። ጠባብ ጫማ፣ የቆየ ምትና ፕሶሪያሲስም ጥፍርን እንዲሁ ያወፍራሉ። ለሦስት ወር ክኒን ከመዋጥ በፊት የጥፍር ቁራጭ ማስመርመር ትርፉ ብዙ ነው።

በሠንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | የሚስማማው ለ | ጊዜ | ጠንካራ ጎን | ደካማ ጎን |
|---|---|---|---|---|
| ተርቢናፊን ክሬም 1% | ጣት መካከል፣ ውስጥ እግር | በቀን 2 ጊዜ፣ 1–2 ሳምንት | ይገድላል፣ አጭር ነው | ለካንዲዳ ደካማ |
| ክሎትሪማዞል 1%፣ ማይኮናዞል 2% | ጣት መካከል፣ ያልተለየ ፈንገስ | በቀን 2 ጊዜ፣ 4 ሳምንት | ሰፊ፣ በቀላሉ የሚገኝ | ብዙዎች ያቋርጡታል |
| ቶልናፍቴት ዱቄት | ቀላል ፈንገስ፣ ጥበቃ | 4 ሳምንት ወይም በቋሚነት | እርጥበት ይቀንሳል | ለከባዱ አይበቃም |
| የዊትፊልድ ቅባት | ደረቅና ወፍራም ውስጥ እግር | በቀን 2 ጊዜ፣ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ | ርካሽ፣ ወፍራም ቆዳን ይልጣል | ቁስል ላይ ያቃጥላል |
| ስቴሮይድ ያለበት ድብልቅ | በሐኪም ትእዛዝ ብቻ | ጥቂት ቀናት | ማሳከክ በፍጥነት ያቆማል | ፈንገሱን ይደብቃል፣ ቆዳ ያሳሳል |
| የሚቀባ የጥፍር መድኃኒት | የጥፍር ጫፍ | እስከ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ | ለሰውነት አይከብድም | የሚያድነው ጥቂቱን |
| የተርቢናፊን ክኒን | ጥፍር፣ እምቢ ያለ ውስጥ እግር | 2–6 ሳምንት ለቆዳ፣ 12 ለጥፍር | ለጥፍር ከሁሉ የተሻለ | የጉበት ምርመራ፣ የሐኪም ማዘዣ |

ክሬም፣ ስፕሬይ ወይስ ዱቄት?

ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ቅርጹ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ለጣት መካከል ክሬም ወይም ጄል በስሱ ይቀባል፤ ቅባታማ ነገር እርጥበት ስለሚይዝ እዚያ ቦታ አይመረጥም። ለደረቀ ውስጥ እግር በተቃራኒው ቅባት ይስማማል። ስፕሬይ ጎንበስ ማለት ለሚከብደው፣ ለአረጋዊ ወይም ለጀርባ ሕመምተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ዱቄት ከቀላሉ ፈንገስ በቀር ብቻውን ሕክምና ሊሆን አይችልም፤ ቆዳ ውስጥ አይገባም።

አቀባቡም ቀላል አይደለም። እግሩ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ ከሚታየው ቁስል ውጭ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል አልፎ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ላይም ይቀባል፤ ፈንገሱ ከሚታየው ድንበር አልፎ ሄዷልና። አንድ ቦታ ብቻ ቢታይም የሁለቱንም እግሮች ጣት መካከል ሁሉ መቀባት ይሻላል። ከዚያ እጅ ይታጠባል።

እንደ ሁኔታዎ

ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቶች መካከል ወጥቶብዎ ጤናዎ ደህና ከሆነ፣ ተርቢናፊን ክሬም ለአንድ ሳምንት። ማስታወስ የሚቸግርዎ ሰው ከሆኑም መልሱ ይኸው ነው፤ አጭሩ ይሻላል። ተርቢናፊን ከሌለ ወይም ለጊዜው ያለዎት ገንዘብ ለአንድ ርካሽ ቱቦ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ክሎትሪማዞል ይግዙና የሚያልቅበትን ቀን ከዛሬ አራት ሳምንት ቆጥረው በቱቦው ላይ ይጻፉ። ሁለተኛውን ቱቦ የሚገዙበትን ቀንም እንዲሁ። ቁስሉ ሲጠፋም ያንን ቀን ሳይደርሱ አያቁሙ።

ውስጥ እግርዎ ደርቆ ከወፈረ፣ ማታ ማታ ዩሪያ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት ማለስለሻ ቆዳውን ያሳሳዋል፤ በላዩ ተርቢናፊን ለሁለት ሳምንት። ርካሹ መንገድ የዊትፊልድ ቅባት ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከወር በኋላ ለውጥ ከሌለ ወደ ክኒን የሚወስደው መንገድ በሐኪም በኩል ነው።

በተደጋጋሚ የሚመለስብዎ ከሆነ መድኃኒቱን ከመቀየርዎ በፊት ከየት እንደሚመለስ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ምንጩ ያልታከመ ጥፍር ነው። ወይም አብሮ የሚኖር፣ ምልክቱ ቀላል ስለሆነ ያልታከመ ሰው ነው። ወይም ጫማው ነው።

ለጥበቃ ሲባል ምን ላይ ገንዘብ ይውጣ?

ከሁሉ በፊት ምንም ወጪ የሌለው ነገር አለ፦ ከታጠቡ በኋላ በጣቶች መካከል እያንዳንዱን ቦታ ማድረቅ። ለእግር የተለየ ፎጣ ይኑር። በእግርዎ ላይ ፈንገስ እያለ ካልሲውን ከውስጥ ሱሪ በፊት ይልበሱ፤ በውስጥ ሱሪው ቀዳዳ እግር ሲያልፍ ፈንገሱ ወደ ብሽሽት ስለሚወሰድ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ብዙ የብሽሽት ጭርት ግን የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው።

ካልሲ ሲመረጥ፣ ጥጥ ላብ ይመጥጣል ግን ርጥብ ሆኖ ይቆያል። ለቢሮ ቀን ይበቃል፤ ብዙ ለሚራመድ ወይም ለሚያልበው ሰው ላቡን ወደ ውጭ የሚያወጣ የስፖርት ካልሲ ወይም ስስ ሱፍ ይሻላል። ዋናው ግን በየቀኑ፣ ከረጠበም በቀን መሀል መቀየሩ ነው። ሲታጠብም ለብ ባለ ውሃ ፈንገሱ ሊተርፍ ይችላል፤ 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ያጠፋዋል።

ጫማ ላይ ገንዘብ ካለ፣ ከአንድ ውድ ጫማ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ጫማ እመርጣለሁ። አንዱ ሲለበስ ሌላው ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል ለ48 ሰዓት ይደርቃል። የሚወጣ ውስጠኛ ሶል ያለው ከሆነ ሶሉን አውጥቶ ማድረቅ ይጠቅማል። በሕክምናው ጊዜ ፀረ ፈንገስ ዱቄት ወይም ስፕሬይ ጫማው ውስጥ ማድረግ ከሌላው ወጪ ሁሉ በላይ የሚያዋጣ ይመስለኛል። እግሩ ከመጠን በላይ የሚያልበው ሰው ማታ የሚቀባ የአሉሚኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ሊረዳው ይችላል፤ ቆዳው የተሰነጠቀ ሳለ ግን አይደለም፣ ያቃጥላል። በጋራ መታጠቢያና በዋና ገንዳ ዳር ነጠላ ጫማ ይደረግ። የታመመ ጥፍር የተቆረጠበት መቁረጫ ለጤነኛው ጥፍር አይሁን።

ራስን ማከም የሚቆምበት ቦታ

የስኳር ሕመም ያለበት፣ የእግሩ የደም ዝውውር የተዳከመ፣ ወይም የሰውነት መከላከያው የቀነሰ ሰው ከመጀመሪያውም በራሱ አይጀምር። በጣቶች መካከል ያለች አንዲት ስንጥቅ ለባክቴሪያ በር ናት፤ በእርሷ የገባ ባክቴሪያ እግርን በሙሉ ሊያሳብጥ ይችላል። መቅላቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ እግሩ ከሞቀና ካበጠ፣ መግል ወይም ትኩሳት ካለ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ትንንሽ ልጆች ላይ የእግር ፈንገስ ብዙም የተለመደ ስላልሆነ፣ የልጅ እግር ሲላጥ መጀመሪያ ችፌ መሆኑ ይጠርጠር።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ባዶ የሆኑትንም ጨምሮ እስካሁን የተጠቀሟቸውን ቱቦዎች ሁሉ ይዘው ይሂዱ። በቅርብ ቀን የተቀባ ፀረ ፈንገስ ክሬም የቅርፊት ምርመራውን ፈንገስ እንደሌለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደቀቡና በውስጡ ስቴሮይድ እንደነበረበት ከምርመራው በፊት ይንገሯቸው።